ጥይት ሲጎርስ ለማይዞረው ስድስት ጎራሽ

«የአባቴ ስድስት ጎራሽ ባዶውን ይዞራል፣ በሙን ክሊፕ ጥይት ሲጎርስ ግን ይነክሳል፣ አይዞርም፤ ሽጉጡ ተበላሽቶ ነው?» ላልከው ወንድሜ፦ ሽጉጡን አትንካው! ሞረድ ይዞ ለሚመጣ «ባለሙያ»ም እንዳትሰጠው። ጥፋቱ ያቺ ክሊፕ፣ ስድስቱን ጥይት ከቂጣቸው አንድ ላይ የምትይዘው ቆርቆሮ ላይ ነው። ያንተም እንደኔ የአሜሪካኑ ኤም 1917፣ ባለ 45 ነው ብዬ ልናገር። የዚያ ጥይት ቂጡ ላይ ከንፈር ስለሌለው ያለ ክሊፕ የቀለሃ ማውጫው የሚይዘው ነገር የለም።

1. ክሊፗን መስታወት ላይ አስተኛት። በሥሯ ብርሃን ካለፈ ጣላት። በመዶሻ አቃናታለሁ አትበል፣ ሞክሬዋለሁ።

2. በባዶ ቀለሃ ሞልተህ፣ ዘግተህ፣ ቀስ ብለህ አዙር። በጥይት እንዳትሞክር።

3. ቀለሃውን ከክሊፗ ስታወጣ ፒንሳ አትጠቀም። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ለማጽዳት ቸኩዬ አንዱን ቀለሃ በፒንሳ ጠመዘዝኩት። ክሊፗ የጎበጠችው የፀጉር ያህል ነው፣ በዓይን አይታይም። በማግስቱ በዚያ ዶፍ ከጅረን ወርጄ ፈቃድ ላሳድስ ሄድኩ። ሰውዬው ጥይቱን ከነክሊፑ አጉርሶ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ሰው ፊት ማዞር ጀመረ! ግማሽ ላይ ቆመ። «አባባ፣ ይሄንን ለቆራሌው ስጡት» አለኝ። የተሞላ ሽጉጥ ይዞ የሚቀልደው እሱ፣ የተሳቀው በኔ። ሦስት ቀን አመላለሰኝ። ሞረድ የያዘውም መጥቶ ነበር፣ ደግነቱ ገንዘብ አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን አባቴ የተዋቸው ሁለት ግማሽ ጨረቃ ክሊፖች ትዝ አሉኝ፣ እነዚያ ሦስት ሦስት ጥይት የሚይዙት። ባዶ ቀለሃ ሰክቼ ባስገባቸው እንደ እንዝርት ዞረ! አንድም ሳንቲም ሳላወጣ። ሰውዬው ማኅተሙን ሲመታ ቀና ብሎም አላየኝም።

አዎ፣ 4 ነበር፦ ጥይቱን ስትሰካ ጣትህን ቂጡ ላይ አሳልፍ። መሃሉ ላይ ያለችው ካፕሱል ወጣ ያለችበትን ለይ፣ እሷም ትነክሳለች። የተለያየ ፋብሪካ ጥይትም አንድ ክሊፕ ላይ አትቀላቅል፤ ክሊፗ የምትገባበት የቀለሃው ጉድባ ስፋት ስለሚለያይ አንዱ ይጠብቃል፣ ሌላው ይወዛወዛል። የጎበጠች ክሊፕ ጥይቱን አዘንብላ ስለምትይዘው ሊከሽፍም ይችላል። ከከሸፈ አፈሙዙን ወደ ሜዳ እንዳዞርክ 30 ሰከንድ ጠብቀህ ክፈት።

ክሊፗን መስታወት ላይ አስተኝተህ ከጎን ፎቶ አንስተህ ለጥፍ፣ አይልሃለሁ። የሽጉጡ ቁጥር እንዳይታይ ብቻ።