ጤነኛው በግ ድንበር ላይ ለምን ወደቀ?

ጥያቄ፦ በግና ፍየል አደልባለሁ። የማስረክበው ለሰብሳቢ ነው፤ እሱ ደግሞ ለላኪ ቄራ ያቀርባል። በቅርቡ ወደ ውጭ የሄደው ሥጋ ድንበር ላይ ናሙና ተወስዶ «መድኃኒት ተገኘበት» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሰብሳቢው ከእኔ መግዛት አቁሟል። እኔ አንድም የታመመ በግ አልሸጥኩም። ሁሉንም ለመንገድ በደንብ አዘጋጅቼ ነው የሰጠሁት። ጥፋቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ደብዳቤዎ ውስጥ የመድኃኒት ስም የለም። መቼ እንደሰጡም አልጻፉም። ግን «ለመንገድ በደንብ አዘጋጅቼ» ያሉት ዓይኔን ያዘው። እንዲህ የሚሉኝን አድላቢዎች «ምን አደረጋችሁ?» ስላቸው መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ከመጫኑ በፊት ለሁሉም የኦክሲቴትራሳይክሊን (የአንቲባዮቲክ) መርፌ፣ መንገድ ላይ ሳል እንዳይዛቸው። እርስዎም ይህንኑ እንዳደረጉ እገምታለሁ። የትል መድኃኒት ወይም የመዥገር ርጭትም ሊሆን ይችላል። ተወራረድ ብባል ግን በመርፌው ነው የምወራረደው።

የታመመ አለመሸጥዎ ጥሩ ነው። ላቦራቶሪው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ሥጋው ውስጥ ምን ቀርቷል? ጤነኛ በግ ትናንት ከተወጋ፣ ዛሬ ቅሪት የሞላበት ጤነኛ በግ ነው።

የተላከበትን አገር አልነገሩኝም፤ ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረትን አሠራር ላንሳ። ጭነቱ ድንበር ሲደርስ መጀመሪያ ወረቀቱ ይታያል። ቀጥሎ ማኅተሙና ምልክቱ ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል። ከዚያ ዕቃው ራሱ ይፈተሻል፤ የላቦራቶሪ ናሙና የሚወሰደውም እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ካርቶን አይነካም። በዕቅድ፣ በዕጣ መልክ ከጥቂቱ ይወሰዳል። እንዲህ ያለው ጭነት ብዙ ጊዜ ውጤት ሳይጠበቅ ያልፋል፤ መርዶው ኋላ ነው የሚመጣው። ጥርጣሬ ካለ ግን ውጤቱ እስኪታወቅ ይታገዳል። አንዴ ከወደቀ ደግሞ ከዚያው ቄራ የሚመጣው ተመሳሳይ ምርት በተጠናከረ ቁጥጥር ሥር ይገባል። ቁጥጥሩ እንዲነሳ ቢያንስ 10 ተከታታይ ውጤቶች ንጹሕ መሆን አለባቸው። ሰብሳቢው ፊቱን ያዞረብዎት ለዚህ ነው። ክፋት አይመስለኝም፤ ፈርቶ ነው።

ገደቡ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ በቁጥር ልንገርዎ። በአውሮፓ ኅብረት ለኦክሲቴትራሳይክሊን የተፈቀደው በአንድ ኪሎ ሥጋ 100 ማይክሮግራም ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ፣ 200 ይፈቅዳል። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን በግ በተለመደው መጠን ባለ 20 በመቶውን ሎንግ አክቲንግ (ለረጅም ጊዜ የሚሠራውን) ሲወጋ 600 ሚሊግራም ይገባበታል። ይህ መጠን 6,000 ኪሎ ሥጋ ገደቡ ላይ ለማድረስ ይበቃል። መድኃኒቱ ደግሞ ሆን ተብሎ ከተወጋበት ቦታ ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ነው። ጥቅሙም ጣጣውም እዚያው ላይ ነው። ሥጋውን ማቀዝቀዝ አያጠፋውም፤ መቀቀልም አስተማማኝ አይደለም። የሚያወጣው የእንስሳው የራሱ አካልና ጊዜ ብቻ ነው።

ስለዚህ መፍትሔው ክርና ደብተር ነው። አይሳቁብኝ።

አንድ ደማቅ ቀለም ይምረጡ፤ ለሌላ ምልክት የማትጠቀሙበት ይሁን። ማንኛውም እንስሳ መድኃኒት በወሰደ ቁጥር፣ በመርፌም ይሁን በአፍ ወይም በርጭት፣ እዚያው ሳይለቀቅ አንገቱ ላይ ክር ይታሰርለታል። ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን፤ የሚደልብ እንስሳ አንገቱም ይወፍራል። «ማታ አስራለሁ» ካሉ ማታ የትኛው እንደነበር ይጠፋብዎታል።

ደብተሩ ላይ በዚያው ሰዓት አንድ መስመር ይጻፉ፦ የእንስሳው መለያ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የተሰጠበት ቀን፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው የመጠበቂያ ቀን (ከመድኃኒቱ በኋላ እስከ እርድ የሚጠበቀው)፣ በመጨረሻም ለእርድ የሚፈቀድበት ቀን። ዋናው የመጨረሻው ነው። የሎንግ አክቲንግ ኦክሲ መጠበቂያ ብዙ ጠርሙሶች ላይ 28 ቀን ነው፤ ያነሰም የበለጠም አለ። በእኔ ቁጥር ሳይሆን በእጅዎ ባለው ጠርሙስ ይመሩ። ጽሑፉ እንዳይጠፋ በስልክ ፎቶ ያንሱት።

ቀኑ የሚቆጠረው ከመጨረሻው መርፌ ነው። በሦስተኛው ቀን ከደገሙ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ሁለት መድኃኒት ከሰጡ ረጅሙን ይጠብቁ። ጠርሙሱ የፍየልን ስም ካልጠቀሰ ወይም ከታዘዘው በላይ ከሰጡ፣ የተጻፈው ቀን አይሠራልዎትም፤ የእንስሳት ሐኪም ይጠይቁ። ቀኑ ሳይደርስ ክሩን ማንም አይፈታም። ሰብሳቢ መጥቶ «ይቺን ባለ ክሯን ጨምርልኝ» ቢልም አይሆንም። ቤተሰቡ ሁሉ ይህን ይወቅ፤ ብዙ ጊዜ ስህተቱ የሚፈጠረው ባለቤቱ በሌለበት ቀን ነው።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። ያልታመመን እንስሳ ለመንገድ ብሎ መውጋት የትም የማየው ልማድ ነው። በመጫን፣ በመጨናነቅና በጥማት የሚመጣውን ድካም መርፌ አይከላከልም። ከመጫናቸው በፊት ያሳርፏቸው፣ በደንብ ያጠጧቸው፣ መኪናው ላይ አያጭቋቸው። የሚያስል ካለ እሱ ጭራሽ አይጫን፤ ታክሞ፣ ክር ታስሮለት፣ ቀኑን ይጠብቅ። ደግሞ ለታመመው እንኳ ሲወጉ ጭን ላይ አይሁን። ጠርሙሱ የሚፈቅድ ከሆነ አንገት ላይ ይውጉ፤ ምርጡን ሥጋ ለምን ያበላሻሉ? ዝናቡ ሲያበቃ የትልና የመዥገር መድኃኒት የሚሰጡ ከሆነም ከመሸጫው ቀን ወደ ኋላ ቆጥረው ይጀምሩ።

ወደ ሰብሳቢው ባዶ እጅዎን አይመለሱ። ደብተሩን ይዘው ይሂዱ። መድኃኒት ያልወሰዱ ወይም ቀናቸውን የጨረሱ ጥቂት በጎች መጀመሪያ ያስረክቡ። የእያንዳንዱን መለያና የመጨረሻ ሕክምና ቀን በወረቀት ላይ አስፍራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ሥጋው የተወሰደው ከብዙ ሰው በግ ነው፤ የወደቀው የእርስዎ ላይሆን ይችላል። ግን የጽሑፍ ማስረጃ የሌለው ሰው ጥፋተኛ ባይሆንም የሚከራከርበት ነገር የለውም።

በዚያው ሰብሳቢውን ሦስት ነገር ይጠይቁልኝ። የተገኘው መድኃኒት ማን ይባላል? ሥጋ ላይ ነው፣ ጉበት ወይስ ኩላሊት? መጠኑስ ስንት? ቄራው የላቦራቶሪውን ውጤት ማግኘቱ አይቀርም። ኦክሲቴትራሳይክሊን ከሆነ ግምቴ ልክ ነው፤ ክሩና ደብተሩ ይበቃዎታል። ክሎራምፌኒኮል ወይም ናይትሮፉራን ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እነዚህ በአውሮፓ ኅብረት ለሚበላ እንስሳ ጨርሶ የተከለከሉ ናቸው፤ ጠብቀው የሚያሳልፉት ቀን የላቸውም። እንደዚያ ከሆነ ቤት ያለውን ጠርሙስ ሁሉ ሰብስበው ለእንስሳት ሐኪሙ ያሳዩ፤ ስሙ የተፋቀውንም ጭምር።