በድሬና በሐረር ዙሪያ በእግር፦ ጠይቁኝ

ሰላም ጎረቤቶች። ድሬ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ አሁን የምኖረው ሐረር ነው። እሁድ እሁድ በእግሬ እወጣለሁ፣ ይህን ማድረግ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ሰሞኑን "የት እንሂድ?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ጥያቄያችሁን ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ እኛ ጋ ጉዞውን የሚወስነው ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ማልዶ የወጣ ሰው ሁሉም ቦታ ቅርብ ይሆንለታል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድሬ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው የምኖረው። መኪና የለኝም፣ ያለኝም ግማሽ ቀን ብቻ ነው። የት ልሂድ?

ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ሂድ። ከከተማው በስተደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ የድሬ ልጅ ስሙን ያውቀዋል እንጂ አልረገጠውም፣ ይሄ ሁሌ ይቆጨኛል። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፣ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ቴያር ደ ሻርደንና አንሪ ደ ሞንፍሬ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው ለጥናት ያስተዋወቁት። ከዚያ ወዲህ በተደረገ ቁፋሮ ብዙ የድንጋይ መሣሪያ ወጥቶበታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ቀለሙ ነው። 40 ኪሎ ያህል ቀይና ቢጫ የቀለም ድንጋይ ተገኝቷል፣ ቀለሙ የተፈጨባቸው ድንጋዮችም አብረው ወጥተዋል። ይህ እንግዲህ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። አንተ ቡና የምትጠጣበት ሰፈር አጠገብ ያኔ ሰው ቁጭ ብሎ ቀለም ይፈጭ ነበር ማለት ነው! የመጨረሻው ዳገት ቀጥ ያለ ነው፣ ጠጠሩም ያንሸራትታል። መውጣቱ አይከብድም፣ ሲወርዱ ነው ጉልበት የሚፈተነው። ግድግዳውን በእጅ መንካት የለም፣ ሥዕል አለበት። ከመሄድህ በፊት ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጎራ ብለህ ፈቃድና አስጎብኚ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ በደቻቱ አሸዋ ላይ መሄድ አደገኛ ነው ይላሉ። ደረቅ ወንዝ ምን ያደርጋል?

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ስለጠየቅሽ አመሰግንሻለሁ፣ በደንብ ልመልስልሽ። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ አህያና ግመል ያልፍበታል። ችግሩ ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከተራራው ነው። ደንገጎ በኩል ሲዘንብ ድሬ ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። በ1998 ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፣ ድሬ ውስጥ ያን ሌሊት የማያስታውስ ቤተሰብ የለም።

እኔም አንድ ነሐሴ ላይ ለትንሽ ተርፌያለሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ከጓደኛዬ ጋር አሸዋው ላይ ቁጭ ብለን ብርቱካን እንልጣለን። መጀመሪያ የሰማነው ድምፅ የሩቅ ሲኖትራክ ይመስል ነበር። ከዚያ እንጨት የጫኑ አህዮች የሚነዳ ሽማግሌ ከዳር ሆኖ በኦሮምኛ እየጮኸ በእጁ "ውጡ! ውጡ!" አለን። ብርቱካናችንን ጥለን ወጣን። ከፊት የመጣው ውሃ አይመስልም ነበር፣ ቅርንጫፍና ቆሻሻ የተሸከመ ቡናማ አረፋ ነው። ቁጭ ያልንበት ቦታ ወዲያው ጠፋ። ስለዚህ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም፣ በበልግም ዝናብ ጊዜ፣ ወደ ደቡብ ወደ ተራራው ተመልከቺ። እዚያ ከጠቆረ አሸዋው ውስጥ አትግቢ። በዳሩ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ለገ ኦዳስ? እዚያም የዋሻ ሥዕል አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

አለ፣ ያውም የሚያምር። ከድሬ በደቡብ ምዕራብ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ስለዚህ መኪና ኮንትራት ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ከብቱ፣ የዱር እንስሳው፣ ሰው ሁሉ ተስሏል። የመንደሩን ሰው ሳትይዙ አትግቡ፣ መንገዱንም የሚያውቀው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሙቀቱን አልችለውም። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ የለም?

አቦ፣ ደንገጎ ምን ሆነ! ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,885 ላይ። በመካከላቸው 55 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ቢኖርም ከፍታውን የምታገኘው ደንገጎ ላይ ነው። የሐረር ሚኒባስ ያዝና ደንገጎ ውረድ። ከዚያ ከአስፋልቱ ራቅ ብለህ በጋራው ጀርባ በገበሬው መንገድ ሂድ። ጠዋት ጉም ከሌለ ድሬ ከእግርህ ሥር ትታያለች፣ ከሷ ወዲያ ደግሞ ዓይንህ እስከሚደርስበት ድረስ ሜዳ ነው። ቁልቁል በአስፋልቱ ልውረድ ብለህ ግን እንዳታስብ። ኩርባው ብዙ ነው፣ የጭነት መኪናውም አይምርም።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፣ 68 ዓመቷ ነው። ሁለት ልጆችም አሉኝ። ለሁላችን የሚሆን?

ሐረር ላይ የጀጎልን፣ የአሮጌውን ከተማ ግንብ ዙሩ። ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ለማዘር አይከብዳቸውም፣ ሲደክማቸው ባጃጅ አለ። ከሸዋ በር ተነስታችሁ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር እያላችሁ በሮቹን ልጆቹ ይቁጠሩ። ስትጨርሱ ወደ ውስጥ ግቡና ፈጢራ ብሉ። ሌላ ቀን ደግሞ ሐረማያ ሐይቅ ውሰዷቸው። ደርቆ ለዓመታት እርሻና ግጦሽ ሆኖ ነበር፣ አሁን ውሃው ተመልሷል። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ወፍ አለ፣ ልጅ ይሮጥበታል። እኔ ደርቆ ያየሁት ሰው ነኝና ዳሩ ላይ ስቆም ሆዴ ይባባል።

ጥያቄ፦ ሐረር አጠገብ ያለው ሐኪም ጋራ ላይ ስወጣ ጅብ ቢገጥመኝስ?

ቀን ላይ አይገጥምህም፣ ዋሻው ውስጥ ተኝቷል። ማምሻውን ነው ወደ ከተማ የሚወርደው። የሐረር ጅብ ሰው የለመደ ነው ተብሎ ግን አይቀለድም፣ የለመደው በፈላና በር የሚያበላውን ሰው እንጂ አንተን አይደለም። ጠዋት 12 ሰዓት ውጣ፣ አናቱ ላይ ሆነህ ጀጎልን እያት። ግንቡ፣ ሚናሬቶቹ፣ ነጭና ሰማያዊው ቤት ሁሉ እንደ መሶብ ክብ ሆኖ ይታያል። ጢሱ ከየጓሮው ሲነሳ ነው ደስ የሚለው። ጋራው ላይ የሰዎች የጸሎት ቦታ አለ፣ እዚያ ሙዚቃ አትክፈት፣ ፎቶም ሳታስፈቅድ አታንሳ።

ጥያቄ፦ ቁንዱዶን በአንድ ቀን ወጥቶ መመለስ ይቻላል?

ከሐረር ሌሊት 11 ሰዓት ከተነሳችሁ ይቻላል። ቁንዱዶ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ አምባ ነው፣ አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል። ባለቤት የሌላቸው የዱር ፈረሶች የሚኖሩበት ነው። ጥቂት ናቸው፣ ስለዚህ ሳታዩአቸው ልትመለሱ ትችላላችሁ፣ ካያችሁ ግን አትከተሏቸው፣ ገደሉ ቅርብ ነው። በኤጀርሳ ጎሮ በኩል ካለፋችሁ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተወለዱባት ከተማ እሷ ናት። ከአካባቢው ሰው ይዛችሁ ውጡ፣ የቀን አበሉንም በደንብ ክፈሉ። ጃኬት ያዙ፣ ላይ ነፋስ አለ። ጋራ ሙለታ ደግሞ 3,381 ሜትር ነው፣ እሱን በአንድ ቀን አትሞክሩት፣ ግራዋ ከተማ እደሩ።

ጥያቄ፦ ዳካታ ላይ ድንጋዮቹ ሳይወድቁ እንዴት ቆሙ?

ዝናብ፣ ነፋስና ሙቀት ለስላሳውን እየበላ ጠንካራውን ትቶት ነው። ከባቢሌ አልፎ በጅጅጋ መንገድ ግራና ቀኝ ነው። አንዳንዱ ትልቅ ድንጋይ በጣት ጫፍ የተያዘ ይመስላል። አትግፉት፣ አትውጡበትም። ጥላ የለም፣ ስለዚህ እስከ 4 ሰዓት ጨርሳችሁ ባቢሌ ግቡ። የተቆላ ለውዝ ግዙ፣ የግመል ወተትም ቅመሱ። የባቢሌ ዝሆን መጠለያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያለ ስካውት (የመጠለያው ጠባቂ) በእግር አይገባም፣ ዝሆኑ የዱር ነው።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፣ ብቻዬን መሄድ እችላለሁ?

ጀጎል ዙሪያ ጠዋት አዎ። ከከተማ ውጪ ግን ሦስት አራት ሆናችሁ ሂዱ፣ ይህን ለወንዱም ነው የምለው። ሰላምታ አትርሺ። ኦሮሚኛ ሰፈር "አካም"፣ ሶማሊኛ ሰፈር "ነበድ" ካልሽ ፊቱ የማይፈታ ሰው የለም። የጫት ማሳ ውስጥ ግን አቋርጠሽ አትለፊ፣ ጠባቂና ውሻ አለ።

ጥያቄ፦ ስንት ውሃ ልያዝ?

ድሬ በኩል ለአንድ ሰው ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሁለት። ሐረር በኩል አንዱ ይበቃል። ባዶውን ይዛችሁ ተመለሱ።

ጥያቄ፦ ጅቡቲ ለሥራ እሄዳለሁ። እዚያስ በአንድ ቀን የሚታይ አለ?

አሳል ሐይቅ። ከባሕር ወለል 155 ሜትር በታች ነው፣ ዳሩ ሁሉ ነጭ ጨው። በመኪና ነው የሚደረሰው፣ ከዚያ ጨዉ ላይ ትንሽ ትራመዳለህ። በግንቦትና በሰኔ አትሞክረው፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይሻላል። ጫማህ ወፍራም ይሁን፣ ጨዉ ይቆርጣል።

ጥያቄ፦ በዚህ እሁድ የት ነህ? እንከተልህ?

ሐኪም ጋራ ነኝ። 12 ሰዓት ሸዋ በር እንገናኝ፣ ሩብ ሲሆን እንነሳለን። ውሃና ቆብ ያዙ፣ ዳቦው ከኔ።