የሙያ ምክር፦ በሊፖዞም ላይ መሥራት ለምትፈልገው የባሕር ዳር ተማሪ

ሰላም እህታችን። ባሕር ዳር የፋርማሲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ መሆንሽን፣ በሆስፒታል ልምምድሽ ቅባት እየተቀባ አልድን ያለ የቆዳ ፈንገስና የቁንጭር ቁስል ማየትሽን ጽፈሽልናል። ጥያቄሽ ሦስት ነው። መድኃኒትን በሊፖዞም (መድኃኒት በሚይዝ ደቃቅ የቅባት ከረጢት) ይዞ ለቆዳና ለአፍ ወይም ለብልት እርጥብ ሽፋን ኢንፌክሽን ማዋል እንጀራ ይሆናል ወይ? ኤክስትሩደር (ሊፖዞምን በደቃቅ ቀዳዳ አሳልፎ መጠኑን የሚያስተካክል መሣሪያ) በሌለበት የመመረቂያ ጥናት ይሠራበታል ወይ? ማስተርሱንስ ወዲያው ልቀጥል ወይስ ልቀጠር?

ከእንጀራው እንጀምር። «ሊፖዞም የሚሠራ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል የቅጥር ማስታወቂያ አትጠብቂ። የአገራችን ፋብሪካዎች በብዛት የሚያመርቱት ክኒን፣ ካፕሱል፣ ሽሮፕና ቅባት ነው። ነገር ግን ሊፖዞምን በአግባቡ ለመሥራት የምትማሪያቸው ነገሮች፣ ማለትም የመድኃኒትን መጠን በትክክል መለካት፣ ጄል ማዘጋጀት፣ መድኃኒቱ ጀርሙን መግደሉን ማረጋገጥ፣ በመደርደሪያ ላይ ስንት ወር እንደሚቆይ ማጥናት፣ በቂሊንጦ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክም፣ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም፣ በምርምር ተቋማትም የዕለት ሥራ ናቸው። የሚያስቀጥርሽ ሊፖዞሙ ሳይሆን በሊፖዞሙ የተማርሽው ልኬት ነው። ጥናትሽንም ከዚህ አንጻር ንደፊው።

ሊፖዞም ማለት ውኃ ውስጥ ሲገባ በራሱ ድርብ ግድግዳ የሚሠራ የፎስፎሊፒድ (የሕዋስ ግድግዳ የሚሠራበት የቅባት ዓይነት) ከረጢት ነው። አሌክ ባንገም የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከገለጸው ወዲህ ብዙ ርቀት ተጉዟል። በእኛ አካባቢ ስሙ እንግዳ አይደለም፤ ካላዛር የሚያክሙ ሐኪሞች አምቢዞም የሚሉት መድኃኒት አምፎቴሪሲን ቢ በሊፖዞም ውስጥ ሆኖ ነው። ከጣና ምሥራቅ፣ ሊቦ ከምከም ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 የታወቀውን የካላዛር ወረርሽኝ መምህራንሽ ያስታውሱታል። አምቢዞም ግን በደም ሥር የሚሰጥ ነው። አንቺ ያሰብሽው የሚቀባ ነውና ሒሳቡ ሌላ ነው።

የበሽታው ምርጫ ላይ ቆም በዪ። ቁንጭር ልብ የሚነካ ጉዳይ መሆኑ ይገባናል፤ ፊት ላይ የሚተወውን ጠባሳ ያየ ሰው ዝም ማለት አይችልም። ለመመረቂያ ጥናት ግን አንመክርሽም። ተውሳኩ የሚኖረው ከላይኛው ቆዳ በታች፣ በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ነው። አምፎቴሪሲን ቢ ደግሞ ሞለኪውላዊ ክብደቱ ከ900 ዳልተን በላይ ነው፤ ከ500 በላይ የሆነ ነገር ጤነኛ ቆዳን በቀላሉ እንደማያልፍ ይታወቃል። በዚያ ላይ ተውሳኩን ማሳደግ የተለየ ቤተ ሙከራና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ቆረቆርንም ተዪው፤ ፈንገሱ ፀጉር ሥር ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ግድ ነው። የሚሻልሽ የካንዳይዳ (የእርሾ ዓይነት ፈንገስ) ኢንፌክሽን ነው፦ በቆዳ እጥፋት፣ በአፍ፣ በሴት ብልት የሚወጣው። ካንዳይዳ አልቢካንስ በ24 ሰዓት ይበቅላል፤ የጭርት ፈንገሶች ግን ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጃሉ፣ ሴሚስተርሽም ያልቃል።

ብዙ ተማሪ በጥናቱ መግቢያ ላይ «ሊፖዞም ቆዳን ሰንጥቆ ይገባል» ብሎ ይጽፋል። ተራ ሊፖዞም እንዲያ አያደርግም። የቆዳው የላይኛው ደረቅ ንጣፍ ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ነው፤ ሊፖዞሙ ከዚያ ንጣፍ ቅባት ጋር እየተዋሐደ መድኃኒቱን እዚያው ያከማቻል። ላይ ላዩን ለሚኖር ፈንገስ የሚፈለገውም ይኸው ነው። በእርጥብ ሽፋን ላይ ችግሩ ይገለበጣል፦ መድኃኒቱ ይገባል፣ ግን ምራቅና ፈሳሽ ያጥበዋል። ስለዚህ እዚያ የሚያጣብቅ ጄል ያስፈልጋል፤ ለብልት ከሆነ ፒኤቹን (የአሲድነት ልኩን) ወደ 4.5 አውርጂው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ኤክስትሩደርም ሮታሪ ኢቫፖሬተርም (እያሽከረከረ ፈሳሽ የሚያተን መሣሪያ) የማይፈልግ መንገድ አለ፤ ኤታኖልን በመርፌ መርጨት ይባላል። 80 ሚሊግራም የአኩሪ አተር ፎስፋቲዲልኮሊን፣ 20 ሚሊግራም ኮሌስትሮልና 5 ሚሊግራም ክሎትሪማዞል (የፈንገስ መድኃኒት) በ2 ሚሊሊትር ንጹሕ ኤታኖል፣ 50 ዲግሪ ላይ አሟሚ። 18 ሚሊሊትር የፎስፌት ቋት (ፒኤች እንዳይዋዥቅ የሚያደርግ ፈሳሽ) በማግኔት መቀስቀሻ ላይ በተመሳሳይ ሙቀት እየተሽከረከረ ይቆይሽ። በቀጭን መርፌ፣ ጫፉን ከፈሳሹ ወለል በታች አስገብተሽ፣ በደቂቃ 1 ሚሊሊትር ያህል ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ፈሳሹ ወዲያው ሰማያዊ ጥላ ያለው ስስ ወተት ይመስላል። እንደ አይብ ከቆረፈደ ወይ ፈጥነሻል ወይ ቋቱ ቀዝቅዟል። ኤታኖሉን በመቀስቀሻው ላይ ክፍት አድርገሽ እንዲተን ተዪውና መጠኑን በቋት ወደ 20 ሚሊሊትር መልሺው። የምግብ ሌሲቲን በርካሽ ታገኛለሽ፤ አትጠቀሚበት። ድብልቅ ስለሆነ ዛሬ ያገኘሽውን ውጤት በሚቀጥለው ወር አታገኚውም።

ብዙ ጥናት የሚበላሸው ቀጥሎ ባለው እርምጃ ነው። ስንቱ መድኃኒት ሊፖዞም ውስጥ እንደገባ ለማወቅ ተማሪው ፈሳሹን በዳያሊሲስ ከረጢት (ትንንሽ ሞለኪውል ብቻ በሚያሳልፍ ከረጢት) ያደርግና ወደ ውጭ የወጣውን ይለካል። ምንም አልወጣም፤ «98 በመቶ ገብቷል» ብሎ ይደሰታል። ክሎትሪማዞል ግን በውኃ አይሟሟም። ያልገባው ክፍል ደቃቅ ክሪስታል ሆኖ ከረጢቱ ውስጥ ቀርቷል እንጂ ሊፖዞም ውስጥ የለም። ይልቅ አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ በ40ው ሌንስ እዪ፤ መርፌ መሳይ ነገር ካለ ክሪስታል ነው። ከዚያ በዝቅተኛ ኃይል፣ 1,000 ጂ (የመሬት ስበት 1,000 እጥፍ) ገደማ፣ ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክሪ፤ ክሪስታሉ ይዘቅጣል፣ ሊፖዞሙ በፈሳሹ ይቀራል። ዝቃጩን ለብቻ፣ የላዩን ፈሳሽ ለብቻ በሜታኖል አሟምተሽ ለኪ። ባዶ ሊፖዞም በዚያው ሜታኖል አሟምተሽ ለማነጻጸሪያ አስቀምጪ፤ ሊፒዱ ራሱ ብርሃን ስለሚውጥ ያለ እሱ ንባብሽ ከእውነቱ ይበልጣል። ሁለቱን ስትደምሪ ወደ 5 ሚሊግራም መምጣት አለበት። 3.5 ከመጣ ቀሪው ብልቃጡ ወይም መርፌው ላይ ተለጥፏል፤ እነሱንም በሜታኖል አጥበሽ ለኪ።

ሌላው የማይነገር ነገር መጠኑ ነው። በሠራሽው ፈሳሽ ውስጥ ያለው መድኃኒት በሚሊሊትር 0.25 ሚሊግራም ነው። 2 በመቶ የካርቦፖል (ውኃን ወደ ጄል የሚያወፍር ዱቄት) ጄል ሌሊቱን አሳብጠሽ፣ በትራይኢታኖላሚን ፒኤቹን አስተካክለሽ፣ ከሊፖዞሙ ጋር እኩል በእኩል በቀስታ ስትደባልቂው 0.0125 በመቶ ይሆናል። በፋርማሲ የሚሸጠው ቅባት 1 በመቶ ነው፤ 80 እጥፍ ይበልጣል። ሁለቱን በቀጥታ አወዳድረሽ «ሊፖዞሙ አልሠራም» ማለት አግባብ አይደለም፤ በተመሳሳይ መጠን ተራ ጄል ሠርተሽ ከእሱ ጋር አወዳድሪ። ይህን መጠን ያለ ክሪስታል ምን ያህል ከፍ ማድረግ እንደሚቻል ማጥናቱ ራሱ ጥሩ የጥናት ጥያቄ ነው፤ እኛ ብንሆን ርዕሱን ይህንኑ እናደርገው ነበር።

በጀርም ምርመራው በኩል፣ በአጋር (ጀርም በሚበቅልበት የረጋ ማብቀያ) ላይ የጠራውን ክብ በማስመሪያ መለካት አያዋጣሽም። ሊፖዞም በአጋር ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ክቡ ቢጠብም መድኃኒቱ ደካማ ነው ማለት አይደለም። በፈሳሽ ማብቀያ ዝቅተኛውን ገዳቢ መጠን (ጀርሙ እንዳያድግ የሚያግደውን ትንሹን መጠን) ፈልጊ። እዚያም ሊፖዞሙ ራሱ ስለሚያደፈርሰው በዓይን አትፍረጂ፤ ሬዛዙሪን የተባለውን ቀለም ጨምሪበት፣ ሕይወት ካለ ከሰማያዊ ወደ ሮዝ ይለወጣል። ባዶ ሊፖዞምና በውስጡ የቀረውን ያህል ኤታኖል ለየብቻ መፈተሽ አትርሺ።

ባሕር ዳር ላይ በተለይ ተጠንቀቂ የምንልሽ ነገር አለ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየር ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው። ተራ የግፊት መለኪያ ያለው አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም መግደያ) 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሲያሳይ 121 ዲግሪ ሞላ ማለት አይደለም፤ 118 አካባቢ ነው። ወደ 18 ፒኤስአይ መድረስ አለበት፣ ወይም ቴርሞሜትሩን እመኚ። ሊፖዞሙን ራሱን ግን አውቶክሌቭ አታስገቢው። ፎስፎሊፒዱን በትንንሽ ብልቃጥ አድርገሽ በማቀዝቀዣ አስቀምጪ፤ ስታወጪው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሳትከፍቺ ጠብቂ። በክረምቱ እርጥበት ቀዝቃዛ ብልቃጥ ከከፈትሽ ውኃ ይስባል። የቀለሙ ቢጫነት ከበረታና የቆየ ዘይት ከሸተተ ተበላሽቷል። ከፔዳ ግቢ ኬሚስትሪ ክፍል ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል በባጃጅ ስትወስጂው ከበረዶው ጋር በቀጥታ አታስነኪ፤ ከቀዘቀዘ አልፎ ከረጋ የበረዶው ክሪስታል ከረጢቱን ይቀደዋል፣ ሲሟሟም መድኃኒቱ ወጥቶ ታገኚዋለሽ።

ስለ ማስተርሱ፦ መጀመሪያ የመውጫ ፈተናውንና የሙያ ፈቃዱን ጨርሺ። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ዓመት በፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ሥሪ እንላለን። ኤችፒኤልሲ (የመድኃኒትን መጠን ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) በየቀኑ የነካች እጅ፣ መሣሪያው ለምን እንደሚዛባ የለመደች ዓይን፣ ማስተርስ ላይ የመጀመሪያውን ዓመት አታባክንም። በፋርማሲዩቲክስ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለልሽ። ቤተሰብሽ ባሕር ዳር እንድትቀሪ ከፈለጉና ሥራው እዚያው ከተገኘ፣ የክልሉን የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የማይክሮባዮሎጂ ክፍል ጠይቂ፤ የጀርም ምርመራውን በኩል የሚያጠነክርልሽ ቦታ ነው።

ሲቪሽ ላይ «ለናኖ ቴክኖሎጂ ልዩ ፍቅር አለኝ» የሚለውን አውጪውና በቦታው የሠራሽውን ጻፊ፦ ክሎትሪማዞልን በሊፖዞም አዘጋጅቼ፣ ከገባው 5 ሚሊግራም ይህን ያህሉን በፈሳሹ፣ ይህን ያህሉን በዝቃጩ ለክቻለሁ በዪ። ድምሩ 4.1 ከሆነ 4.1 ብለሽ ጻፊ፣ ቀሪው የት እንደቀረም ጨምሪበት። የሚቀጥርሽ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።