የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ዘሌዋውያን ላይ ደርሼ ቆምሁ

ጥያቄ፦ ፒያሳ በሚገኝ አንድ የልብስ መደብር በሽያጭ ሥራ የምተዳደር የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን እየተሳለምሁ ባድግም መጽሐፍ ቅዱስን በራሴ አንብቤ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ከኦሪት ዘፍጥረት ተነሥቼ በየዕለቱ አንድ ምዕራፍ ሳነብ ቆይቼ፣ ዘጸአት ላይ የድንኳኑ ልክና ምሰሶ ሲዘረዘር ደከመኝ፤ ዘሌዋውያን ላይ ጨርሶ አቆምሁ። ግእዝ አላውቅም፤ መምህር እንዳልጠይቅም «ይህን እንኳ አታውቂም?» እባላለሁ ብዬ አፍራለሁ። ከየት ልጀምር?
ስሜ ይቆይ፣ ከአራዳ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ዘሌዋውያን 27 ምዕራፎች ያሉት፣ አብዛኛው ክፍሉ የመሥዋዕትና የንጽሕና ሥርዓት የሆነ መጽሐፍ ስለሆነ ለአዲስ አንባቢ ይከብዳል፤ ሊያፍሩበት አይገባም። ለጊዜው ይተዉትና ወደ ማርቆስ ወንጌል ይሂዱ። ከአራቱ ወንጌላት አጭሩ እርሱ ነው፤ 16ቱን ምዕራፎች ድምፅ እያሰሙ ቢያነቧቸው እንኳ ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በቀን አንድ ምዕራፍ የሚለውን ምክር ብዙዎች ቢሰጡም እኔ ለጀማሪ አልመርጠውም፤ የምዕራፍ ክፍፍሉ በ13ኛው መቶ ዓመት፣ የአዲስ ኪዳን የቁጥር ክፍፍል ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1551 የገባ በመሆኑ፣ ወንጌላዊው ራሱ ነገሩን የጨረሰበትን ቦታ ሁልጊዜ አያሳይም። ሥራ በማይገቡበት ቀን ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ያንብቡት፤ ያልገባዎትንም በእርሳስ እያሰመሩ ይለፉ።

ከዚያ በኋላ ወደ ምዕራፍ 5፣ ከቁጥር 21 ጀምሮ ወዳለው ይመለሱና ቀስ ብለው ያንብቡ። የምኵራብ አለቃው ኢያኢሮስ ልጄ ልትሞት ነው ብሎ ጌታን ይዞ ሲሄድ፣ በመንገድ ላይ ደም ሲፈስሳት የኖረች ሴት ልብሱን ትዳስሳለች፤ የኢያኢሮስም ጉዳይ ተቋርጦ ይቆያል። ሴቲቱ የታመመችው 12 ዓመት ነው፤ ብላቴናይቱም ዕድሜዋ 12 ዓመት ነው። አባት ልጁን «ልጄ» ሲል ሰምተናል፤ ጌታም ማንም ያልቆመላትን ሴት «ልጄ ሆይ» ይላታል። ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው፤ ማርቆስ ሁለቱን ታሪኮች አንዱን በሌላው ውስጥ ያስገባቸው ለምን እንደሆነ ሲጠይቁ መረዳት ተጀምሯል ማለት ነው። ለብላቴናይቱ የተነገረው «ጣሊታ ቁሚ» የአራማይክ ቃል ነው፤ «ቁሚ» ግን ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ፍቺ አያሻውም። ባነበብሁት ቁጥር ልቤን ይነካኛል።

ሴቲቱ ለምን ከኋላ መጣች? በታወቀባትስ ጊዜ ለምን ተንቀጠቀጠች? አሁን የተዉትን ዘሌዋውያን ይክፈቱና ምዕራፍ 15ን ከቁጥር 25 ጀምረው ይመልከቱ። ደም የሚፈስሳት ሴት በሕጉ ርኩስ ናት፤ የተኛችበትን ወይም የተቀመጠችበትን የነካም እስከ ማታ ርኩስ ይሆናል። ያ ያታከተዎት ሥርዓት የአንዲትን ሴት የ12 ዓመት ብቸኝነት ሲገልጥልዎ፣ ኦሪትን በሌላ ዓይን ያነቡታል።

ግእዝ አለማወቅዎ አያግድዎትም። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ ትርጉም አንዳንድ ቃሉ ቢከብድዎ ከኋለኞቹ ትርጉሞች ጋር ያስተያዩት። ሰማንያ አሐዱም ይሁን 66 መጻሕፍት የያዘው ሕትመት ቢኖርዎ ማርቆስ በሁለቱም አለ። «አንድም» እያለ የአንዱን ቃል ልዩ ልዩ ምሥጢር የሚያወጣውን የወንጌል ትርጓሜ አራት ኪሎ አካባቢ ካሉ መንፈሳዊ መጻሕፍት መደብሮች መጠየቅ ይችላሉ፤ ሆኖም ንባቡን ራሱን ሳይለምዱ ወደ እርሱ ባይቸኩሉ እመርጣለሁ።

መምህር መጠየቁን ግን አይተዉት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለው የንግሥት ህንደኬ ሹም፣ በገንዘብዋ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ታላቅ ሰው ሲሆን፣ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ ፊልጶስ ታስተውለዋለህን ቢለው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል ብሎ አለማወቁን በግልጥ ተናገረ። ጥያቄውም ጠባብ ነበር፤ ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ? እርስዎም «መጽሐፍ ቅዱስ አይገባኝም» ከማለት ይልቅ በእርሳስ ካሰመሩት አንዱን ቁጥር መርጠው፣ ማን ለማን እንደተናገረውና ያልገባዎትን ቃል በወረቀት ጽፈው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለመምህሩ ያቅርቡ።