ሁለት ልጅ ከኋላ ሲጫን ስንት ባር?

ሰላም እህቴ፣ ሁለቱን ልጆች ከኋላ ስትጭኚ የኤሌክትሪክ ብስክሌቱ ኩርባ ላይ ይዋልላል፣ የጎማውን ንፋስ ስንት ልሙላ ብለሻል። መጀመሪያ የጎማውን ጎን እዪ። ዝቅተኛውና ከፍተኛው የንፋስ ግፊት እዚያ ተጽፏል፤ ለምሳሌ ከ2 እስከ 5 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ሊል ይችላል። መለኪያሽ በሌላው የግፊት መለኪያ፣ በፒኤስአይ ከሆነ 1 ባር ወደ 14.5 ፒኤስአይ ነው።

ልጆቹ ሲኖሩ የኋላውን ወደ ከፍተኛው አስጠጊው፣ ምክንያቱም ልጆቹም ወንበሩም ቦርሳውም አብዛኛው ክብደት የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። የፊቱን ትንሽ ዝቅ አድርጊው፤ እሱንም ድንጋይ ካደረግሽው እጅሽን ያንዘፈዝፈዋል፣ ዝናብ ላይም መንገድ አይዝልሽም። ከተጻፈው በላይ ግን በፍጹም! ቸርኬው ላይም ገደብ ካለ ከሁለቱ ትንሹን ያዢ።

በአውራ ጣት ጫን አድርጎ «ደህና ነው» ማለቱን ተዪው። ወፍራም ጎማ ንፋሱ ጎድሎም ጠንካራ ይመስላል። መለኪያ ያለው ፓምፕ ግዢና በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ሳትወጪ ለኪ። የነዳጅ ማደያው ኮምፕረሰር የመኪና ዓይነት ቫልቭ ካለሽ ይሠራል፣ ግን የብስክሌት ጎማ ቶሎ ስለሚሞላ ነካ ነካ እያደረግሽ።

ጎማው ከተነፈሰና የውስጡ ጎማ ላይ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካየሽ ሚስማር አይደለም፤ ንፋስ አንሶት የመንገድ ጠርዝ ሲመታ ቸርኬው ቆንጥጦት ነው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም ከዋለለ የወንበሩን ብሎኖች አጥብቂ፣ መመሪያው ላይ ያለውን የክብደት ገደብም እዪ፤ ልጆች ያድጋሉ፣ ገደቡ ግን ያው ነው።