አራት ሰው፣ አራት ሰዓት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን ጋሼ። አራት ጓደኛሞች ነን። ቫዮሊን፣ ክላርኔት፣ ማሲንቆና ፒያኖ እንጫወታለን። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ አንዳችን ቤት ተሰብስበን እንለማመዳለን። አሁን የያዝነው የጆን ኬጅን ሥራ ነው። ርዕሱ «አራት» ይላል፣ ከላዩ ላይ ትንሽ 6 ቁጥር አለበት። የአራታችንም ክፍል አንድ ላይ የተጻፈበት ሙሉ ኖታ የለውም። እያንዳንዳችን የየራሳችን ወረቀትና የየራሳችን ሰዓት አለን። ችግሩ ስንጫወት ሳናውቀው እንከታተላለን። አንዱ ሲገባ ሌላው ይገባል፣ አንዱ ሲያቆም ሁላችንም እናቆማለን። ይሄ ስህተት ነው ወይስ ጥሩ ነገር? ሰዓቱስ በስልክ ይሆናል? ደግሞ ባለፈው ለቤተሰብ ስንጫወት የአንዳችን እናት «መቼ ነው የምትጀምሩት?» ብለው ጠየቁ። አሥር ደቂቃ ተጫውተን ነበር።

አራቱ ጓደኛሞች፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ አዎ፣ ስህተት ነው። ይህን ስህተት የሚሠራው ግን ጆሮ ያለው ሰው ነው፤ ስለዚህ አትዘኑ። ደብዳቤያችሁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዚህ ከተማ ይህን ሙዚቃ በየቅዳሜው የሚለማመዱ ልጆች መኖራቸውን አላውቅም ነበር። በጣም ደስ ብሎኛል።

ለሌሎች አንባቢዎች ትንሽ ላስረዳ። ጆን ኬጅ አሜሪካዊ አቀናባሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ሎስ አንጀለስ ተወለደ፣ በ1992 ኒው ዮርክ ሞተ። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1984 መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ ስማቸው ቁጥር ብቻ የሆነ ከ40 በላይ ሥራዎች ጽፏል። ርዕሱ የተጫዋቾቹን ብዛት ይነግራችኋል። የመጀመሪያው «ሁለት» ነበር፣ ለፍሉትና ለፒያኖ። ለአራት ሰው ደጋግሞ ስለጻፈ ትንሿ ቁጥር ስንተኛው እንደሆነ ታሳያለች። የእናንተው ስድስተኛው ነው፤ በሞተበት ዓመት የጻፈው። 30 ደቂቃ ይፈጃል። መሣሪያ አይወስንም። እያንዳንዱ ተጫዋች አሥራ ሁለት ድምፅ ይመርጣል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የትኛውን ድምፅ እንደሚያሰማ ይነግረዋል።

ወረቀቱ ላይ ምት የለም፣ ምቱን የሚከፍለው መስመር (ባር) የለም። ያለው የጊዜ ቅንፍ ነው። ለምሳሌ በግራ በኩል «ከ0፡00 እስከ 0፡45» ይላል፤ በዚህ መሃል በመረጥከው ቅጽበት ትጀምራለህ። በቀኝ በኩል «ከ0፡30 እስከ 1፡15» ይላል፤ በዚህ መሃል ታቆማለህ። ስለዚህ አንድ ድምፅ ዛሬ ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊሄድ ይችላል። ነገ ያው ድምፅ ጠብ ብሎ ሊያበቃ ይችላል። ዱላ ይዞ የሚመራ የለም። ሰዓቱ ብቻ ነው ያለው።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። እኔ ቼሎ ተጫዋች ነኝ። የዛሬ 12 ዓመት ገደማ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ይህን ዓይነት ሙዚቃ ስንጀምር የምንለማመደው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር። አንድ ቆርቆሮ ጣራ ክፍል ተከራይተን። ዛሬ ያ ቤት የለም፣ ሰፈሩም ፈርሷል። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲወርድ ቫዮሊኑ ጭራሽ አይሰማም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ እየሄድን መሰለን። አንድ ቀን ልምምዱን በስልክ ቀድተን ቁጭ ብለን ሰማነው። አራታችንም ዝም አልን። እያንዳንዱን ቅንፍ የምንጨርሰው አብረን ነው። አንዱ ድምፁን ማሳነስ ሲጀምር ሦስታችን ተከትለን እናሳንሳለን። ወረቀቱ አራት የተለያየ ሕይወት ሰጥቶን እኛ አንድ አድርገነዋል።

ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ አልደከምንም። ያደግንበት ሙዚቃ መከተልን ያስተምራል። ማሲንቆው ዘፋኙን ይከተላል። ባንድ ውስጥ ድራመሩን ታያለህ። ትምህርት ቤት ኳርቴት (የአራት ሰው ሙዚቃ) ስትጫወት የመጀመሪያው ቫዮሊን ትንፋሽ ሲስብ አብረህ ትስባለህ። ይህ ትልቅ ሙያ ነው፣ ማንም እንዲረሳው አልመክርም። ግን ከልጅነት ጀምሮ የለመዱት ነገር በአንድ ቅዳሜ አይለቅም።

እኛን ያዳነን ዕጣ ነው። ለእያንዳንዱ ቅንፍ በክልሉ ውስጥ ያሉ ሰከንዶችን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን፣ ጠቅልለን፣ የቡና ስኒ ውስጥ ከተትን። እንደ ዕቁብ አወጣን። የደረሰህን ሰከንድ በእርሳስ ወረቀትህ ላይ ትጽፋለህ። ለማንም አታሳይም። ከዚያ በዚያች ሰከንድ ትገባለህ፤ ጓደኛህ አሁን ገብቶ ቢሆንም፣ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ብሎ ቢሆንም። ኬጅ ቅንፉ ውስጥ ያለውን ምርጫ ለተጫዋቹ ነው የተወው፤ ስለዚህ ዕጣው የልምምድ መላ ብቻ ነው። ከአንድ ወር በኋላ ስኒውን ተውነው። ያኔ እጃችን ራሱን ችሎ ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ። ላለመከተል ብላችሁ ጆሯችሁን እንዳትዘጉ። ከመሃላችን አንዱ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ከትቶ መጣ። ላለመታለል ብሎ ነው፣ ከልቡ። ያን ቀን የተጫወትነው ከሁሉ የከፋው ነበር። ክላርኔቱ ገና ከምንም ተነስቶ እያበበ ሳለ የእሱ ቫዮሊን ከላዩ ላይ ወደቀበት። ምን ያህል ጮክ እንደሚል አያውቅማ። ሁሉንም መስማት አለባችሁ። ከሰማችሁት በኋላ ሰዓታችሁን አትቀይሩም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ልትገባ ስትል ሌላው ቀድሞህ ገባ? አትመለስ። ማሲንቆው እየሞተ ክፍተት ሊፈጠር ነው? ክፍተቱን ለመሙላት አትሩጥ። ጸጥታው ሃያ ሰከንድ ከቆየ ሃያ ሰከንድ ይቆይ። በዚያን ጊዜ ቀስታችሁን አታስተካክሉ፣ ወረቀት አትግለጡ። ለእኔ ከዚህ ሙዚቃ ሁሉ ከባዱ ያ ነበር። አሁን በጣም የምወደውም እሱን ነው።

እምቢልታ ሲነፋ አይታችሁ ከሆነ ልዩነቱ ይገባችኋል። እያንዳንዱ እምቢልታ ያለው አንድ ወይ ሁለት ድምፅ ነው። ዜማው የሚወጣው ሰዎቹ እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። አንዱ ትንሽ ቢዘገይ ዜማው ይሰበራል። የእናንተው ሙዚቃ የዚህ ተቃራኒ ነው። ማንም የማንንም ክፍተት አይጠብቅም። ግን ሁለቱም ላይ አንድ ሰው ለብቻው ሙሉውን ሙዚቃ አልያዘም። እኔ እምቢልታን በደንብ ማድመጥ የጀመርኩት ከኬጅ በኋላ ነው፣ እውነቴን ነው።

ሌላም ላንሳ። ቤቴ ከሥላሴም ከበአታም ሩቅ አይደለም። በፍልሰታ ሌሊት የሰዓታት ጸሎት ሲቆም የሁለቱም ድምፅ ይደርሰኛል። አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። አንዱ ረዘም ሲያደርግ ሌላው ዝም ይላል፣ ሁለቱም ዝም ሲሉ ውሻ ይሰማል፣ ከታች መኪና ያልፋል። ጸሎትን ከኮንሰርት ጋር ላመሳስል አይደለም፤ እነሱ የቆሙት ለሌላ ጉዳይ ነው። የማወራው ስለ ሰሚው ነው። መስኮቱ ላይ ቆሜ ሁለቱን አንድ ላይ የምሰማው እኔ ነኝ። እናንተም ስትጫወቱ እንዲህ ያለ ሰሚ ፊታችሁ እንዳለ አስቡ። ማገጣጠሙን ለእሱ ተዉለት።

ስለ ሰዓቱ። በስልክ ይሆናል። ወደፊት የሚቆጥረውን ስቶፕዎች ተጠቀሙ፣ ወደ ኋላ የሚቆጥረውን አይደለም። ስልኩ ድምፁ መዘጋቱ አይበቃም፤ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ ይሁን፣ ስክሪኑም በራሱ እንዳይጠፋ አስተካክሉት። የአንዱ ጓደኛችን ስልክ 11ኛው ደቂቃ ላይ ስክሪኑ ጠፋ። ከፍቶ እስኪያይ ሙሉ ቅንፍ አለፈው። ለመጀመር አንዳችሁ አንገቱን ነቅነቅ ያድርግ፣ ሁላችሁም አብራችሁ ተጫኑ። የግማሽ ሰከንድ ልዩነት ቢፈጠር አትጨነቁ።

አንድ ላፕቶፕ መሃል ላይ አድርገው አራት ሰው እሱን የሚያዩ አሉ። እኔ አልወደውም። ሁሉም ዓይን አንድ ቦታ ሲሆን እጅም አንድ ላይ መሄድ ይጀምራል። በየራስህ ስልክም ቢሆን አንድ ወጥመድ አለ፤ እጅ በ0፣ በ15፣ በ30 መግባት ይወዳል። ቅጂያችሁን አዳምጡና ቁጠሩ፣ ታገኙታላችሁ። 7ን፣ 23ን፣ 41ን ውደዱ።

መብራት ይሄዳል፣ ያው ታውቁታላችሁ። አንድ ምሽት በመሃል ጠፋብን። አራት ስልኮች ብቻ በሩ። ሰዓቱ አልቆመም፣ እኛም አልቆምንም፤ ግን ወረቀታችን አይታይም ነበር። ከዚያ ወዲህ ኖታ ማስቀመጫዬ ላይ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መብራት ሳላስር አልወጣም። ጄኔሬተሩ ከኋላ ሲነሳ የሚመጣውን ድምፅ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም። እሱንም አብሮ መስማት ነው።

ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ መጫወት ጨርሶ አልሆንላችሁ ካለ ሌላ መንገድ አለ። ፖላንዳዊው አቀናባሪ ዊቶልድ ሉቶስዋፍስኪ እ.ኤ.አ. በ1964 የጻፈው ኳርቴት ውስጥም እያንዳንዱ ተጫዋች በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ግን በሰዓት ፈንታ ምልክት ነው ያለው። አንዱ እዚህ ሲደርስ ሌላው ይቀጥላል። እሱም መጀመሪያ ሙሉ ኖታ መስጠት አልፈለገም፤ አራቱ መስመሮች በወረቀት ላይ ከላይና ከታች ከተቀመጡ ተጫዋቾቹ በዚያው አሰላለፍ አብረው መግባት አለብን ይላሉ ብሎ። በኋላ መላውን ያገኙለት ባለቤቱ ዳኑታ ናቸው፤ መስመሮቹን ቆራርጦ በየሳጥኑ ማስቀመጥ። ጨዋታው ከባድ ነው፣ ለጊዜው ግን የያዛችሁትን አትልቀቁ።

የጓደኛችሁ እናት የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሰው መሣሪያ ሲቃኝ የሚሰማውና የእናንተ ሙዚቃ አጀማመር ይመሳሰላሉ። ስለዚህ መድረክ ላይ አትቃኙ። ሌላ ክፍል ቃኝታችሁ፣ መሣሪያችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ጸጥ በሉ። ከመጀመራችሁ በፊት አንዳችሁ ተነስቶ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ «30 ደቂቃ እንጫወታለን፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ሰዓት ነው የምንከተለው» ይበቃል። ስለ ኬጅ ፍልስፍና ንግግር አታድርጉ። ከዚያ የመጀመሪያው ድምፅ፣ ትንሽም ቢሆን፣ እርግጠኛ ይሁን። አራታችሁም አንድ ጥግ አትጠራቀሙ። ፒያኖው ከማይነቃነቅበት ቦታ ጀምራችሁ ተራራቁ፤ ማሲንቆው በሩ ጋ ቢሆን ደስ ይለኛል። እማማንም እንደገና ጥሯቸው፣ መሃል ላይ ወንበር ስጧቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ክራር እጫወታለሁ። ከእንዲህ ዓይነት ቡድን ጋር መጫወት እፈልጋለሁ፤ ግን የክራር ድምፅ ቶሎ ይጠፋል። ረጅም ቅንፍ ሲመጣ ምን ላድርግ? ቅኝቴስ ከፒያኖ ጋር ይሄዳል?

ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ ይሄዳል። ከላይ ባልኩት ሥራ ድምፁን የምትመርጪው አንቺ ነሽ፣ ትዝታ ቅኝትሽን ለማንም ብለሽ አትቀይሪ። ቶሎ መጥፋቱም አያሳስብሽ። ቅንፉ ድምፁ ረጅም ይሁን አይልም። አንድ ጊዜ መትተሽ እስኪሞት መጠበቅ ትችያለሽ፣ የቀረው ጊዜ የሌሎቹ ነው። አሥራ ሁለቱን ስትመርጪ ግን ሁሉንም ከክር አታውጪ። ሆዱን በጣት መዳፈን፣ ክሩን በጥፍር ቀስ ብሎ መጎተት፣ የማሲንቆ ደጋን ተውሶ ክራሩ ላይ መሳብ፣ ሁሉም ይሠራል። የበገና እንዝራ የሚያመጣውን ያን ንዝረት ከወደድሽ ቀጭን ቆዳ ከክሩ ሥር አስገቢና ሞክሪው። የመረጥሽውን ጻፊው። አንዴ ከጻፍሽ በኋላ ድምፁ በመጣ ቁጥር ያው ይሁን፤ ሦስት ቁጥር ዛሬም ነገም ሦስት ቁጥር ነው።

የአራት ኪሎዎቹ አራት ናቸው፣ ቦታ የላቸውም። ግን ኬጅ እ.ኤ.አ. በ1988 ለማንኛውም አምስት ድምፅ ወይም መሣሪያ የጻፈው «አምስት» የሚባል ሥራ አለ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ኖታው የተወሰነ ስለሆነ ወረቀቱን ከክራርሽ ጋር አስተያይተሽ ከአምስቱ ተጫዋቾች ክፍል (ፓርት) የሚመችሽን ምረጪ። አራቱም ልጆች ይህን ያነቡ ይሆናል።