ደሞዜ ጎደለብኝ፣ ለማን አቤት ልበል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። እኔ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነኝ፣ ደሞዜ 9,000 ብር ነው። ከሐምሌ ጀምሮ የታክስ ማሻሻያ ወጥቷል፣ እጃችሁ ላይ የሚገባው ከፍ ይላል ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር ግን አካውንቴ ላይ የሚገባው ያው 6,625 ነው፣ ንቅንቅ አላለም። የኅዳሩ ደሞ ጭራሽ 5,125 ገባ። ፋይናንስ ሄጄ ስጠይቅ "1,500 ጉድለት አለብሽ" አሉኝ፣ የመቼ ጉድለት ስላቸው የሚያሳዩኝ ወረቀት የለም፣ የታክሱን ስጠይቅ "ሲስተሙ ነው ይስተካከላል" ብለው ሸኙኝ። ፔይስሊፕ አይሰጡንም፣ እኔ ጋ ያለው የባንክ ሜሴጅ ብቻ ነው። ብዙ ከተናገርኩ ያባርሩኛል ብዬም እፈራለሁ። ምን ላድርግ? (ካሸሯ፣ ከአያት)

መልስ፦ እህቴ፣ የታክሱና የጉድለቱ ጉዳይ ለየብቻ ነው፣ አንድ ላይ አድርገሽ ከጠየቅሽ አንዱን እየመለሱ ሌላውን ያስረሱሻል።

ታክሱን በስልክሽ ካልኩሌተር አሁኑኑ ማየት ትችያለሽ። በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ እስከ 2,000 ብር ያለውን ከታክስ ነፃ አድርጎ ሌላውንም እርከን ቀይሮታል። ያንቺ 9,000 አሁን የሚያርፈው ከ7,001 እስከ 10,000 ባለው ላይ ነው፣ 25 በመቶ ታወጪና ለዚህ እርከን የተቀመጠውን ተቀናሽ 850 ትቀንሻለሽ፣ 2,250 ሲቀነስ 850፣ ታክሱ 1,400 ብር ይመጣል። በድሮው ግን 30 በመቶ ወጥቶ 955 ነበር የሚቀነሰው፣ ማለትም 1,745። ጡረታሽ 7 በመቶ ነው፣ 630 ብር፣ እሱ አልተነካም። እንግዲ በአዲሱ 6,970 መግባት ሲገባው 6,625 የሚገባልሽ ፋይናንሱ እስካሁን በድሮው ሠንጠረዥ ስለሚሠራ ነው፣ ቁጥሩ ልክክ ነው የሚለው። በወር 345 ብር ማለት ነው፣ ከሐምሌ እስከ ኅዳር 1,725። "ሲስተሙ ነው" ያሉሽ ውሸት ላይሆን ይችላል፣ ኤክሴሉ ላይ ያለውን ፎርሙላ ማንም አልነካውም ማለት ነው። እኔም ፔይሮል ስሠራ እንዳየሁት ብዙው ስህተት ከሌብነት ይልቅ ከዝርክርክነት ይመጣል፣ ግን ዝርክርክነቱ ለሠራተኛው ሲያደላ አይቼ አላውቅም፣ ምን ይሁን እንጃ። ብሩን ለገቢዎች ከፍለውትም ይሁን እዛው ቀርቶ የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው፣ "ገቢዎች ሄደሽ ጠይቂ" ካሉሽ እሺ ብለሽ እንዳትሄጂ።

ጉድለቱ ላይ ነው ጠንከር ማለት ያለብሽ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 የሚለው ከደሞዝ ላይ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከታዘዘ፣ አለዚያም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ከተስማማ ብቻ ነው፣ በዛ ላይ በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዝ ሲሶው በላይ መቁረጥ አይቻልም፣ ላንቺ 3,000 ብር መሆኑ ነው። 1,500 ከሱ በታች ነው ብለው ይከራከሩ ይሆናል፣ ግን ጥያቄው መጠኑ አይደለም፣ የፈረምሽው ነገር አለ ወይ ነው። ስትቀጠሪ የፈረምሽውን ውል አውጥተሽ አንብቢው፣ "ለሚደርሰው ጉድለት ተጠያቂ ነኝ፣ ከደሞዜ ይቆረጥ" የሚል መስመር ውስጡ ተሸጉጦ ሊሆን ይችላል። ቢኖርም እንኳን ጉድለቱ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ፈረቃ፣ በየትኛው ማሽን እንደተገኘ ያሳዩሽ። ዜድ ሪፖርቱ፣ ማለትም ማሽኑ የቀኑን ሽያጭ ደምሮ የሚያወጣው ወረቀት አለ፣ ማታ ያስረከብሽው ካሽ የተመዘገበበት አለ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተደርገው ልዩነታቸው ይታያል። ሌላ ካሸር ባንቺ ማሽን የምሳ ሰዓት የምትሸፍን ከሆነ ደሞ እሱንም አንሺ፣ ሁለት ሰው የነካው ካዝና ጉድለት ላንድ ሰው መጫኑ ብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ካሁን በኋላ ሂሳብ ስትዘጊ ያስረከብሽውን ብር መጠን አስፈርመሽ ፎቶ አንሺው።

ፔይስሊፕ አይሰጡንም ላልሽው፣ አዋጁ አሠሪው የደሞዝ መዝገብ እንዲይዝ ያስገድደዋል፣ ያልተጣራው ደሞዝ፣ እያንዳንዱ ተቆራጭና የተጣራው ክፍያ እዛ ላይ መጻፍ አለበት፣ ስትጠይቂ ሊያሳዩሽም ሊያስረዱሽም ግዴታ አለባቸው። ዝም ብለሽ ስለተቀበልሽ ወይ ፔይሮሉ ላይ ስለፈረምሽም መብትሽ አልቀረም፣ ይሄንን ሕጉ ራሱ ነው የሚለው።

አሁን አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፊ፣ ስድብም ለቅሶም አይግባበት፣ የሐምሌ የነሐሴ እያልሽ የገባልሽንና መግባት የነበረበትን ቁጥር አስቀምጪ፣ ጉድለቱን በተመለከተ ማስረጃው ይሰጠኝ በይ፣ ሁለት ኮፒ አድርገሽ አንዱን ስታስገቢ ሌላው ላይ ቀን ጽፈው ይፈርሙልሽ። አንቀበልም ካሉ በኢሜል ወይ በቴሌግራም ላኪና ስክሪንሾቱን ያዢው። ይሄን ያህል የማጠብቅብሽ የደሞዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር በይርጋ ስለሚታገድ፣ ማለትም ጊዜው ስላለፈ መጠየቅ ስለማይቻል ነው። አሁን ታኅሣሥ ላይ ነን፣ የሐምሌው ጥር መጨረሻ ላይ ያልቅበታል፣ "ይስተካከላል" እያሉ የሚሸኙሽ በቃል ነው፣ በቃል የተባለ ደሞ ቀን አያቆምም። በጽሑፍ "አዎ ልክ ነሽ እንከፍላለን" ካሉሽ ግን ይርጋው ይቋረጣል፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ጋ አመልክተሽ ውሳኔ ስትጠብቂም እንደዛው።

ካልመለሱልሽ ክፍለ ከተማሽ ያለው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ አመልክቺ። እዛ ካልተፈታ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ፣ ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት ይላል ሕጉ፣ ቀጠሮው ግን ከዛም ሊረዝም ይችላል። ማባረሩን በተመለከተ፣ በአሠሪ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ለሥራ ውል መቋረጥ በቂ ምክንያት አይደለም ተብሎ ተጽፏል። የአለቃ ፊት መጥቆሩን ግን የሚከለክል አዋጅ የለም፣ ስለዚ ከተቻለ ብቻሽን አትሁኚ። ታክሱ ባንቺ ላይ ብቻ የተሳሳተ አይመስለኝም፣ ጓደኞችሽም የባንክ ሜሴጃቸውን ያውጡና አብራችሁ አስገቡ።

ጥያቄ፦ አባቴ በጥበቃ ኤጀንሲ ማታ ማታ ይሠራል፣ ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12። ደሞዙ 5,200 ነው፣ ለትርፉ 4 ሰዓት በሰዓት 25 ብር ይሰጡታል። እሱ "ሰጥተውኛል ምን እላለሁ" ይላል፣ እኔ ግን ልክ አልመሰለኝም። (ሴት ልጁ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ልክ አይደለም። 5,200ን ለ26 ቀን፣ ከዛ ለ8 ሰዓት ስታካፍይው 25 ብር ነው፣ ስለዚህ ትርፍ ሰዓቱን በመደበኛው ሰዓት ዋጋ እየከፈሉት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ያለ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ይባዛል፣ የአባትሽ የመጨረሻዎቹ 4 ሰዓታት እዛ ውስጥ ስለሚወድቁ በሰዓት 43.75፣ በሌሊት 175 ብር ይሆናል፣ እነሱ የሚሰጡት 100 ነው። በሳምንት እረፍቱ ቀን ትርፍ ከሠሩ በ2፣ በበዓል ቀን በ2.5። ሌላው ነገር፣ ትርፍ ሰዓት በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፣ እሳቸው ግን በየሌሊቱ አራት አራት እየሠሩ ነው፣ ይሄ የኤጀንሲው ጥፋት ነው እንጂ የሠሩበትን ላለመክፈል ሰበብ አይሆንም። የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት በደብተር ይያዙ፣ እሳቸው ካልተመቻቸው አንቺ ጻፊላቸው፣ የጥበቃ ርክክብ መዝገቡንም ፎቶ አንሺው። የቀረውን ከላይ ለካሸሯ እንዳልኩት ነው፣ ስድስት ወሩ ለሳቸውም ይሠራል።

ጥያቄ፦ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ለቀቅኩ። ላፕቶፑንም መታወቂያውንም መልሻለሁ፣ ግን "ክሊራንስህ አላለቀም" እያሉ የመጨረሻ ደሞዜን ሁለት ወር ሙሉ ይዘውታል። (ከቦሌ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውል ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል አለባቸው፣ ሊራዘም የሚችለው አንተ በራስህ ጥፋት ንብረት ሳትመልስ ካዘገየህ ነው። ላፕቶፑን ያስረከብክበት ፊርማ ካለህ ክሊራንስ ላይ ያልፈረመው ሰው ጉዳይ የነሱ የቤት ሥራ ነው። የሂሳቡ መጠን ላይ ባትስማሙም ያመኑትን ያህል መክፈል ይኖርባቸዋል። ፍርድ ቤት ከደረሰ ላዘገዩበት እስከ ሦስት ወር ደሞዝ ሊያስጨምራቸው ይችላል፣ ይሄን ደብዳቤህ ላይ ጥቀሰው፣ ብዙ ፋይናንስ እዚች መስመር ላይ ሲደርስ ይነቃል። ያልተጠቀምክበት የዓመት ፈቃድ ወደ ገንዘብ ተቀይሮ አብሮ መምጣት አለበት፣ የሥራ ልምድ ወረቀትህንም ያለክፍያ ይስጡህ።